ቡልኮውን የገለጠ አልነበረም

እግሬን ያቃጠለችው ልጅ ደግ ልጅ ነበረች። ይህን ከፊት የማስቀምጠው፣ የሚያነብልኝ ሰው እስከ መጨረሻው ክፉ ሰው ሲፈልግ እንዳይደክም ብዬ ነው። በዚህ ነገር ውስጥ ክፉ የለም። ክፉ ቢኖርበት ኖሮ ቀድሜ እሸሸው ነበር፤ ከክፉ መሸሽን ገበያ አስተምሮኛል። እኔን የጎዱኝ ደጎች ናቸው። ፈገግ የሚሉ፣ እጅ የሚይዙ፣ «እማማ» ሲሉ ማር ከአፋቸው የሚንጠባጠብ ደጎች።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ በጀርባዬ አዝዬ፣ መሬት ላይ በእንጨት እየጫርኩ ነው። ስለዚህ የሐኪም ቃል አጣምሜ ብጽፍ አትፍረዱብኝ። ቅቤ ግን አውቃለሁ። ባሌ ከሞተ በኋላ ልጄን ማቴዎስን ያሳደግኩት ከገሱባ ቅቤ እየገዛሁ ሶዶ እየሸጥኩ ነው። መኪና ሲገኝ በመኪና፣ ጭቃው መኪናውን ሲይዘው በእግሬ። ሲያሻኝ ደግሞ ተበላ ወደምትባለው የቆላ ከተማ እወርዳለሁ፤ ፀሐዩ ቅቤውን እንዳያቀልጥብኝ የእንሰት ቅጠል በቅጠል ላይ እየደረብኩ። ሰው «ይቺ ሴትዮ ቤት የላትም ወይ?» ይል ነበር። ቤትማ አለኝ። የምኖረው ከማቴዎስና ከሚስቱ ከአስቴር ጋር ነው። ግን አንድ ማጀት ሁለት ሴት አይችልም። ሰላማችን እግሬ ነበር። እኔ ስሄድ እሷ ቤቷን ታዝዛለች፣ ማታ ስንገናኝ ተናፍቀን ነው የምንገናኘው። እግሬ ቀረ ማለት እኔ ምድጃ ዳር ተቀምጬ የእሷን ወጥ የማማርር አሮጊት ሆንኩ ማለት ነው። ያንን ከሞት ይልቅ እፈራው ነበር።

ሕመሙ በጥም ጀመረ። ውሃ ስጠጣ ጥሙ ይብሳል። ከገሱባ ስመለስ ሹፌሩን በየመንገዱ «አቁምልኝ ልጄ» ማለት አመጣሁ፤ ረዳቱ «እማማ፣ ይሄን መንገድ ሁሉ ልታጠጪው ነው?» እያለ ተሳፋሪውን ያስቅብኛል። ከዚያ ከሳሁ። ቀሚሴ ውስጥ ሌላ ሴት ልትገባ ትችል ነበር። ጎረቤቶቼ ቡዳ ነው አሉ፤ የበላኝን ሰው ስም ሳይቀር አወጡለት። አስቴር ደግሞ አዘነችልኝ። ማዘኗን የምትገልጸው በስኳር ነው፤ ሻዬን እንደ ሽሮፕ አወፍራ፣ የበሰለ ሙዝ ደርባ፣ «ጉልበት ይሆንሻል እማዬ» እያለች ታቀርብልኛለች። ያን ጊዜ ሰይጣን እንኳ እንደ ምራቴ ፍቅር አድርጎ ሊገድለኝ አይችልም ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት መናኸሪያው አጠገብ ካለ የግል ክሊኒክ ነው። ነጭ ለባሹ ሰውዬ ጣቴን ወግቶ ደም ወሰደና «ታይፎይድና ታይፈስ» አለኝ። በእኛ ከተማ ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድና ታይፈስ የለብህም ተብሎ የወጣ ሰው ካያችሁ ንገሩኝ፤ ሄጄ እጁን ልሳመው። ኪኒኑን ጨረስኩ፣ ጥሙ አላለቀም። ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ዘመኑ የአንድ ለአምስት ነበር፤ ገበሬው በአንድ ለአምስት፣ ሴቱ በአንድ ለአምስት፣ ነርሶቹም በአንድ ለአምስት። አግዳሚው ላይ ስንቀመጥ አንድም ነርስ የለም። አንዲት እርጉዝ ሴት አጠገቤ ታቃስታለች፤ ሽማግሌ ባሏ ዘበኛውን ጠየቀው። ዘበኛው በሩን እያየ፣ ግምገማ ላይ ናቸው አለ። የምን ግምገማ ቢለው፣ ስለ በሽተኛ አያያዝ ነው፣ ዛሬ በጣም ይጠነክራል አለው። አልሳቀም፤ እኛም አልሳቅንም። ከሰዓት በኋላ ሲወጡ ሁሉም ግለሂስ አውርደው ፊታቸው ቀልቷል። የእኔ ተራ ሲደርስ ነርሱ ቀና ሳይል «ጨጓራ» ብሎ ጻፈልኝ።

እውነቱን ያወቀልኝ ቅቤ የማሳድርበት ሱቅ ባለቤት ነው። ሐጂ ከድር ይባላል፣ የስልጤ ሰው፤ ስኳርና ዱቄት በጅምላ ይሸጣል። አንድ ቀን ከጀሪካኑ እየቀዳሁ ስጠጣ፣ ስጠጣ፣ ከስኳር ጆንያዎቹ መሀል ሆኖ አየኝ።

«የማቴዎስ እናት» አለኝ፣ «ይሄ ጥም የእኔ ጥም ነው። እኔ የምሸጠውን ስኳር አልቀምስም፤ አንቺ ግን ሳትገዢው ደምሽ ውስጥ ተከማችቶብሻል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂና ተለኪ።»

ሂጂ ሲል ሂጂ ብቻ አላለም፤ ባጃጅ ጠርቶ ጫነኝ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ሆኖ ነበር፣ ለሰው ያልነገርኩት። ከተበላ ስመለስ አንድ እግር ጫማዬ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቶ፣ እኔ በባዶ እግር መሄዴን ያወቅሁት ሰፈሬ ስደርስ ልጆች ሲስቁብኝ ነው። ጠጠሩም እሾሁም አልተሰማኝም። ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ የእግርን ስሜት ይገድለዋል፤ እግሩ አለ፣ ግን ወሬ አያመጣም። ቅዝቃዜ ሳይኖር ቀዘቀዘኝ ይላል፣ እሳት ሲነካው ዝም ይላል። ውሸታም እግር ነው።

ሆስፒታሉን በስሙ አልጠራውም። ስኳሬ ከልክ ስላለፈ አስተኙኝ፣ የምበላውንና የምጠጣውን ለክተው የስኳር መርፌ ጀመሩልኝ። ቤቱ እንደ ማንኛውም የሆስፒታል ቤት ነው፤ አልጋ በአልጋ ላይ፣ ሰው በሰው ላይ። እያንዳንዱ በሽተኛ ቡልኮውን ከቤቱ ያመጣል፤ የእኔ ቡልኮ ከባድ ነው፣ እናቴ የፈተለችው ጥጥ አለበት። ጠያቂ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እንደ ጎርፍ ይገባል። በእኛ ዘንድ የትልቅ ሴት እግር በጠያቂ ፊት አይገለጥም። ስለዚህ ቡልኮውን እስከ ወገቤ፣ ከወገቤም እስከ ጣቶቼ አጥብቄ ተሸፍኜ እተኛለሁ፤ ፊቴን ለሰው አውጥቼ፣ የቀረውን ለእግዚአብሔር ትቼ።

የነርስ ትምህርት ተማሪዎቹ የመጡት በዚያ ሳምንት ነው። ነጭ ልብሳቸው ገና ከሱቅ የወጣ፣ መታጠፊያው የሚታይ። መምህራቸው ወጣት ነው፣ ሽቶ ይሸታል፣ ግድግዳው ላይ ባለ ቀለም ወረቀት ለጠፈ። ምን ይላል ብዬ ብጠይቅ የእንክብካቤ ትምህርት ነው አሉኝ። አንዲት የሩቅ አገር ሴት አውጥታዋለች አሉ። ነርስ መድኃኒት ሰጪ ብቻ አይደለችም፤ የበሽተኛውን ልብ ማግኘት አለባት፣ እምነቱንና ባህሉን ማክበር አለባት፣ አጠገቡ በእውነት መገኘት አለባት፣ ሁለቱ ሰዎች በአንዲት ቅጽበት ሲገናኙ ፈውስ ይጀምራል። መምህሩ ይህን ሲናገር ዓይኑን ይጨፍናል። እኔም ጥሩ ነገር ነው አልኩ። ማን ይጠላል?

ከዚያ ተግባሩ መጣ። ጠዋት አንዷ ትመጣለች፣ ወንበር ወደ ራስጌዬ ትስባለች፣ እጄን ትይዛለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች «እማማ፣ ዛሬ ምን ይሰማዎታል?» ትላለች። «ደኅና ነኝ ልጄ» እላለሁ። ትጽፋለች። እሷ ስትሄድ ሌላው ይመጣል፣ ወንበሩን ይስባል፣ እጄን ይይዛል። እጄ በዚያ ሳምንት የተያዘውን ያህል በሠርጌ ቀን አልተያዘም። አንዱ ልጅ ፍርሃቴን እንድነግረው ለመነኝ። ሽንት ቤት የሚያደርሰኝ ሰው ማጣቴ ነው የሚያስፈራኝ አልኩት። «ይገባኛል» አለ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ጻፈው፣ ሄደ። ከጎኔ የተኛችው የአረካ ሴት ትስቅ ነበር፤ «እኔ ስሜቴን ሁሉ ጨርሼ ሰጥቻቸዋለሁ፣ የቀረኝ የለም» ትላለች።

ቅቤ ሲገዛ ሰው ቅጠሉን ገልጦ ላዩን አይቶ አይከፍልም። አጭበርባሪ ሁሉ ላዩ ላይ ንጹሑን ያደርጋል፣ ሥሩ የተቀቀለ ድንች ይሁን ሙዝ ማን ያውቃል። እኛ ቀጭን እንጨት እስከ ሥሩ ድረስ እንከትና መዝዘን እናሸታለን። እነዚያ ልጆች ላዬን ብቻ ነው የሚገዙት ብዬ አሰብኩ። ማሰብ ብቻ ነው፤ አልተናገርኩም። ደስ ብሎኝም ነበር፣ እሱን ልደብቅ አልችልም። በሕይወቴ ሙሉ የተማረ ሰው እጄን ይዞ አያውቅም።

ገነት የምትባለው ከሁሉም ትለይ ነበር። እሷም የአረካ ልጅ ናት፣ በወላይትኛ ታወራኛለች፣ ስለ አያቷ ትነግረኛለች። ክረምት ነበር፤ ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ንፋስ በተሰበረው መስኮት ይገባል። አንድ ከሰዓት እግሬ ቀዘቀዘኝ አልኳት። እግሬ እንደሚዋሽ ገና አላወቅሁም። ልጅቷ ተነሥታ ወደ አስታማሚዎች ማብሰያ ሄደች፣ ከምድጃው ድንጋይ መርጣ አጋለች፣ በጨርቅ ጠቅልላ አምጥታ ቡልኮው ሥር ተረከዜ ላይ አስቀመጠችልኝ። አያቷ ለአራስ እንዲያ ነበር የምታደርገው። የእኔም እናት እንዲያ ታደርግ ነበር። «ሞቀዎት እማማ?» አለችኝ። ምንም አልተሰማኝም፤ ግን ልጅቷ እንዳታዝን ብዬ «ሞቀኝ፣ ተባረኪ» አልኳት።

መምህሩ ሰማ። በማግሥቱ ተማሪዎቹን ሁሉ አልጋዬን አስከብቦ አቆመና ገነትን አስወራት። ይህ ነው፣ አላቸው፤ የበሽተኛዋን ባህል ያከበረ፣ ምቾቷን የጠበቀ፣ ከልብ የሆነ እንክብካቤ ማለት ይህ ነው። አጨበጨቡላት። እኔም አጨበጨብኩ። ቡልኮው ሥር ተረከዜ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቶ ነበር። ማንም ቡልኮውን አልገለጠም፤ እኔም አልገለጥኩም።

ቀን ቀንን ወለደ። መሽተት ጀመርኩ። እኛ ወላይታዎች ጨዋ ሕዝብ ነን፤ የታመመ ሰውን ሸተትክ አንለውም። እሁድ የመጡት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ረጅም ጸሎት ጸለዩልኝ። አስቴር ሳትናገር ሳሙና አመጣች። ተማሪዎቹ ወንበሩን ቀስ በቀስ ወደ መስኮቱ አራቁት፤ ከዚያ ሆነው እጄን ለመያዝ ይንጠራራሉ። ምን ይሰማዎታል ማለታቸውን ግን አላቋረጡም።

የክፍሉ ነርስ ሲስተር ወርቄ ከፈቃድ የተመለሰችው ያን ጊዜ ነው። ስለ እሷ መልካም መናገር ይከብደኛል። አንቺ ብላ ነው የምትጠራው፣ ሽማግሌ የለ ካህን የለ። አስታማሚ ትሳደባለች፣ በር ትወረውራለች። ገብታ በሩ ላይ ቆመች።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች።

ቤቱ በሙሉ አፈረ። እሷ አላፈረችም። ከአልጋ አልጋ እንደ ውሻ እያሸተተች መጥታ ቡልኮዬን ከእግሬ በኩል ያዘች። እኔ እንቢ ብዬ ጎተትኩ፣ እሷም ጎተተች፤ በጠያቂ ፊት፣ በወንድ ተማሪ ፊት። ጉልበቷ በለጠኝ። ገለጠችው። ጎንበስ ብላ ከዳር እስከ ዳር አየችው። ተረከዜን ያን ጊዜ እኔም ገና አየሁት። የሰው ሥጋ አይመስልም።

«ማነው ይሄን ያደረገው?»

ተማሪዎቹ መሬት መሬት አዩ። ገነት ብቻ «እኔ ነኝ፣ ድንጋይ ነው» አለች። መምህሩ ቶሎ ብሎ፣ ልጅቷ ያደረገችው ለበሽተኛዋ ባህል ተጨንቃ ነው፣ ዓላማው እንክብካቤ ነው ብሎ ሊያስረዳ ጀመረ። ሲስተር ወርቄ ፊቷን ሳታዞር «ስኳር በሽተኛ ናት። እጇን ስትይዙ እግሯ የት ነበር?» አለችው። መምህሩ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ምናልባት እግር የት እንዳለ ሊፈልግ ይሆናል።

ሐኪሙ መጣ፣ በቀጭን ብረት የቁስሉን ጥልቀት ለካ፣ አልተሰማኝም። ምንም እንዳልተሰማኝ ሲያውቅ ፊቱ ሲጠቁር አየሁ። ለማቴዎስ በኮሪደር ነገረው እንጂ ለእኔ አይደለም፤ በእኛ አገር ክፉ ወሬ ለቤተሰብ እንጂ ለባለቤቱ አይነገርም። ግን ማቴዎስ ከልጅነቱ ጀምሮ መደበቅ አይችልም፤ ሲገባ እግሬን አየና ቶሎ ዓይኑን አነሣ። ገባኝ። ጠበቅ አድርጌ ስጠይቀው ነገረኝ፤ ቁስሉ እየሰፋ ከሄደ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ይቆረጣል።

ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላወራም። ሌሊት ለሁሉም በሽተኛ አንድ ነው፤ ጣሪያ ያያል። እኔ ያየሁት የአስቴርን ምድጃ ነው።

ዘመድ ተሰበሰበ። የባሌ ወንድም አቶ ዳና ዋነኛው ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ ግን አሮጌውን ነገር ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ሰው ሕመም ሲጸናበት ጎሜ አለበት ይባላል በእኛ ዘንድ፤ የተከለከለ ነገር አድርጎ ደብቋል፣ እስኪናዘዝ ድረስ አይድንም ማለት ነው። ዳና ራስጌዬ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ በገበያ ሚዛን አጭበርብሬ እንደሆነ፣ ባሌ ከሞተ በኋላ በመንገድ ከሰው ጋር ሆኜ እንደሆነ እያለ መጠየቅ ጀመረ። ዘመዶቼ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይጠብቃሉ፤ የእግሬን መዳን ነው ወይስ ወሬውን፣ አንድዬ ያውቃል።

«ያቃጠለኝ ድንጋይ ነው ዳና» አልኩት። «ማብሰያው ጋ አለ፣ ውሰድና እሱን አናዝዘው።»

የአረካዋ ሴት ሳቋ አስነጠሳት። ዳና ተቆጥቶ ወጣ፣ ቤተሰቡም ለሁለት ተከፈለ። ማቴዎስ ቶሎ ይቆረጥና ነፍሷ ትትረፍ ይላል። አስቴር ወደ ቤት ልውሰዳት ትላለች፤ ዘይትና ጸሎት ይደረግላት፣ ከሆስፒታል ውጭ ያለ አዋቂም አለ አለች። ሁለቱም እኔን ሳይጠይቁ በእኔ ላይ ይጨቃጨቃሉ፤ ሁለቱም እያለቀሱ። ፍቅር ሲበዛ የሚወደደውን ሰው እንደ ዕቃ ያንቀሳቅሰዋል።

ሐኪሙ ሥጋው እስኪለይለት ልጠብቅ አለ፤ በየቀኑ ይታጠብ፣ የሞተው ይነሣ፣ ስኳሯ ይውረድ፣ ከዚያ እንወስናለን። ማን ያጥባል የሚለው ነው የቀረው። ነርሶች ጥቂት ናቸው። መምህሩ ገነትን ወደ ሌላ ክፍል ሊወስዳት ነበር፤ ለእሷም ለስሙም ይሻላል ብሎ ይመስለኛል። ልጅቷ ልትሰናበተኝ መጣች፣ ብስኩት ይዛ፤ ለስኳር በሽተኛ ብስኩት። አልጋዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ ይቅር ይበሉኝ አለች፣ እጄንም ያዘችው።

እጄን አስለቀቅኳት።

«አታልቅሺብኝ» አልኳት። «ለቅሶሽ እኔን ነው የሚያደክመኝ፣ አጽናኝ ሆኜ ልቅር ነው? ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ። አንቺው እጠቢው።»

ፈራች። አልችልም፣ ሽታውን አልችለውም አለች። ያን ያህል ሳምንት ከተቀመጠች በኋላ የነገረችኝ የመጀመሪያው እውነት ይህ ነው። ወደድኳት ያን ጊዜ። ሲስተር ወርቄን ለመንኳት፤ ሲስተር ወርቄ «ካስመለሳት ራሷ ታጽዳው» ብላ ፈቀደች። ፈቃዷ እንደዚህ ነው።

ሲስተር ወርቄ እንዴት እንዳስተማረቻት ብታዩ። እጅሽ ከቁስሉ በፊት ይታጠብ፣ ብታሻሺው የሞተው አይነሣም፣ ጨርቁ ሲደርቅ አትጎትቺው፣ ውሃ አርከፍክፊበት፣ ቀለሙን እይ፣ ዳር ዳሩን እይ፣ እይ፣ ዓይንሽ የት ነው፣ ፊቷ ላይ ምን አለሽ፣ እይ። ልጅቷ የመጀመሪያ ቀን አስመለሳት፣ ራሷ አጸዳችው። ቀጥሎም አስመለሳት። ከዚያ አላስመለሳትም። ሥራው ገባት። እሷ ስትሠራ እኔ የማየው አናቷን ብቻ ነው፣ ሽሩባዋን። አንድም ቀን ምን ይሰማዎታል አላለችኝም፤ ምንም እንደማይሰማኝ ታውቃለች፣ ስለዚህ እሷ ለእኔ ትመለከትልኛለች። አስቴርንም ጠርታ አሳየቻት። አስቴር የስኳር ሻይዋን እንድትተው የነገራት ሐኪሙ ነው፣ ያስተዋት ግን ቁስሉን በዓይኗ ማየቷ ነው። አንድ ቀን ከቤት ያመጣችልኝን ቦይና፣ ያው ጎደሬውን፣ ስታስቀምጥ «እማዬ፣ እኔ ነኝ የጀመርኩት ለካ» ብላ ቆመች። አብራት አጥባ ረዳቻት እንጂ አላለቀሰችም፤ ደግ አደረገች።

ስለ ትምህርቱም አንድ ነገር ልናገር፣ ያለዚያ ግፍ ይሆንብኛል። ገነት እየሠራች ነገረችኝ፤ የዚያች የሩቅ አገር ሴት ትምህርት ውስጥ ሰውነትን መጠበቅ፣ ማጠብ፣ ማብላት፣ ከአደጋ መከለል ሁሉ ተጽፏል። አለበት፤ ግን ወደ መጨረሻው ገደማ ነው፣ መምህሩም በጥድፊያ አልፎት ሄደ፣ ፈተናም ላይ አልመጣም። እንግዲህ ትምህርቱን ምን በደለኝ ልለው። ሴትዮዋ ሙሉ ቅቤ ሰጥታለች፣ እነሱ ላዩን ገፍፈው በሉት። እኔ የምንቀው ትምህርትን አይደለም፤ እጅ ስለያዘ ሰውን የያዘ የሚመስለውን ሰው ነው። እንደዚያ ያለ ሰው ሆስፒታል ብቻ አይደለም ያለው። ቀበሌም አለ፣ ቤተ ክርስቲያንም አለ፣ በየሰርጉ አለ።

ሥጋው ቀይ ማብቀል ጀመረ። ሐኪሙ በብረቱ ሲነካው በዳሩ በኩል ጥዝ አለኝ፤ ሲያመኝ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። መቁረጡ ቀረ። ክረምቱ ሲያልቅ፣ የመስቀል አበባ በየዳገቱ ሲፈነዳ፣ ተረከዜ ዘጋ። ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል፣ እንደ ተነከሰ ዳቦ። ያስነክሰኛል። ግን ይሸከመኛል።

የመውጫዬ ቀን መምህሩ ተማሪዎቹን እንደገና አልጋዬን አስከብቦ አቆማቸው። እንክብካቤያችንን እንዴት አገኙት እማማ፣ ለልጆቹ ይመስክሩላቸው አለኝ፣ ዓይኑንም ሊጨፍን ነው። ሲስተር ወርቄ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ገነት ደግሞ ከኋላ፣ ፋሻ ይዛ።

«ፊቴን በደንብ አይታችኋል» አልኩት። «ተባረኩ። እግሬ ግን የሚበቅለው በዚያኛው በኩል ነው ልጄ።»

ተማሪዎቹ መሳቅ እንደሚፈቀድ ስላላወቁ አልሳቁም። ሲስተር ወርቄ «ጨርሰሽ ውጪ፣ አልጋው ይፈለጋል» አለችኝ። ይህችን ሴት አልወዳትም። እግሬን ያተረፈችልኝ እሷ ናት፣ ቅቤ ልኬላታለሁ፣ በጸሎቴም አነሳታለሁ፤ ግን አልወዳትም። መውደድ ግዴታ እንዳልሆነም ከእሷ ተማርኩ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ውሃ ለሚጠማችሁ ነው፣ እግራችሁ ለሚደነዝዝ፣ ጫማችሁ ወድቆ ለማታውቁ። ተለኩ። ታይፎይድ ሲሏችሁ ስኳሬንም እዩልኝ በሉ። እግራችሁን በእሳት አታሙቁ፣ በድንጋይ አታሙቁ፣ ቀዘቀዘኝ ሲላችሁ አትመኑት። ማታ ስትተኙ ራሳችሁ ገልጣችሁ እዩት፤ ዓይናችሁ ከደከመ ሰው ይይላችሁ፣ አያሳፍርም። የታመመ የምትጠይቁም ሰዎች፣ ከሸተተ ሸተተ በሉ። ጨዋነታችሁ ሊገድለኝ ነበር።

ከዚያ ጊዜ በኋላ ገሱባ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩ ዕለት፣ ማቴዎስ እሸኛለሁ ቢለኝ እንቢ አልኩት። መናኸሪያ ብቻዬን ቆምኩ፣ ሰፊ ጫማ ተጫምቼ፣ ዘንቢሌን ታቅፌ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሣ ነው። አንዱን እግሬን አነሣሁ፣ ቀስ አልኩ፣ ሌላውን ማስከተል ጊዜ ወሰደብኝ። ረዳቱ በሩን ይዞ እየተንጠለጠለ ጮኸብኝ።

«ኧረ ቶሎ በይ አንቺ አሮጊት፣ እግር የለሽም እንዴ!»

ተሳፋሪዎቹ ነውር ነው ብለው ገሠጹት፣ አንዱ ተነሥቶ ክንዴን ሊይዘኝ መጣ። እጁን መለስኩለት። ሁለቱንም እግሬን አስገብቼ፣ መቀመጫዬን ይዤ፣ ዘንቢሌን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ስንት ወር ሙሉ እንደ እንቁላል ስያዝ ከርሜ፣ ዛሬ እንደ ጤነኛ ሰው ተሰደብኩ።